ሳይሰሙ መፍረድ

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ከመሥሪያ ቤታችን በታች ወዳለችው ሻይ ቤት ጎራ ብዬ አንድ ማኪያቶ አዘዝኩ። ከአጠገቤ ካለው ጠረጴዛ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ይከራከራሉ። አንደኛው መዝገብ ቤት ከተቀጠረ ገና ዓመት ያልሞላው ጸሐፊ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ቀን ፋይል ሲያመላልስ ውሎ ማታ ማታ የሚማር ተማሪ ነው። የክርክራቸውን ግለት የተመለከተ ሰው፣ በአባታቸው ርስት የተጣሉ ወንድማማቾች ናቸው ብሎ ሽማግሌ ሊጠራላቸው ይችል ነበር።

ነገሩ ግን ርስት አልነበረም። በባሕር ማዶ ያለ አንድ የሮክ ባንድ በሚመጣው ወር አዲስ አልበም ሊያወጣ ነውና ድምፁ ምን ዓይነት ይሆናል በሚለው ላይ ነው ሙግቱ። የባንዱን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ጠቡ ወደ እኔ ይዞራል።

መዝገብ ቤቱ፣ «ጊታሩን ጥለውታል፤ አበቃ! ከእንግዲህ የሚሰማው የማሽን ጩኸት ብቻ ነው» ይላል። ተማሪው፣ «የለም፤ ወደ መጀመሪያው አልበማቸው ይመለሳሉ፤ የሽፋኑ ቀለም ራሱ ይናገራል» ብሎ ይመልሳል። ለማስረጃ ያልቀረበ ነገር የለም። የሽፋኑ ቀለም፣ ከበሮ መቺው ለጋዜጠኛ የሰጠው መልስ፣ ዘፋኙ ጠጉሩን መቆረጡ ሁሉ ተጠቀሰ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው፣

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን!» አሉኝ።

«ምኑን ሰምቼ ልፍረድ?» ብላቸው፣ ተማሪው ስልኩን አውጥቶ ለቅምሻ የተለቀቀውን ግማሽ ደቂቃ አሰማኝ። ግማሽ ደቂቃ! ሙግቱ ግን አንድ ሰዓት አልፎት ነበር።

ሳቄ መጣ፤ ዳሩ ግን ሳልስቅ ቀረሁ። ለምን እንዳልሳቅሁ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ፍርዱን በዚህ ገጽ እሰጣችኋለሁ ብዬ ተለያየን። ቃሌን ለመጠበቅም ለሁለቱ ወጣቶችና እንደነሱ ለሚሟገተው አንባቢዬ ሁሉ የአንድ ክረምት ታሪክ ላውጋ። ክረምት ስል የፈረንጆቹን ብርዳም ወራት ማለቴ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በእነሱው አቆጣጠር ናቸው።

የምነግራችሁ ከ1966 እስከ 1967 ስላለው ክረምትና ቢትልስ ስለ ተባሉት አራት እንግሊዛውያን ነው። ኦገስት 29 ቀን 1966 በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በካንድልስቲክ ፓርክ ሜዳ ተጫውተው ከመድረክ ወረዱ፤ ከዚያም ወዲያ ቲኬት በተሸጠበት ኮንሰርት ላይ አብረው አልቆሙም። ምክንያቱ ግልጽ ነበረ። በየሄዱበት የሕዝቡ ጩኸት ከመበርታቱ የተነሣ የሚጫወቱትን ራሳቸው አይሰሙትም፤ በዚያ ላይ የሚሠሯቸው አዳዲስ ዘፈኖች በመድረክ ላይ በአራት ሰው የሚጫወቱ አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ አራቱ ተበታተኑ። ጆን ሌነን ፊልም ሊሠራ ወደ ስፔን ሄደ። ጆርጅ ሃሪሰን ከራቪ ሻንካር ሲታር ሊማር ወደ ሕንድ ተጓዘ። ፖል ማካርትኒ ለፊልም የሚሆን ሙዚቃ መድረስ ጀመረ። ሪንጎ ስታር ከቤተሰቡ ጋራ ዐረፈ። በእንግሊዝ አገር ያሉ ወዳጆቻቸው ግን ይህን ዕረፍት ዕረፍት ነው ብለው አልተቀበሉትም። ከ1963 ጀምሮ በየዓመቱ የገና በዓል ሲቃረብ አዲስ የቢትልስ ሸክላ ማግኘት ለምደዋል። በ1966 ግን የሸክላ ኩባንያው አዲስ ሥራ ቢያጣ የቆዩትን ዘፈኖች ሰብስቦ በአንድ ሸክላ አወጣላቸው። ለበዓል ዶሮ የጠበቀ ሰው የትናንት ሽሮ ሲቀርብለት የሚሰማውን ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ወሬው ተነሣ። ተለያይተዋል ተባለ፤ ተጣልተዋል ተባለ፤ ዜማ አልቆባቸዋል ተባለ። ዲሴምበር 20 ቀን 1966 የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በለንደን ከሚቀረጹበት ስቱዲዮ በር ላይ ቆሞ፣ በየተራ የሚገቡትን አራቱን «ልትለያዩ ነውን?» እያለ ጠየቃቸው። አስቂኙ ነገር፣ ጥያቄው በሚቀርብበት ሰዓት ሰዎቹ ወደ ሥራ እየገቡ ነበር! ከኖቬምበር 24 ቀን ጀምሮ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ማታ ማታ ሲደክሙ ሰንብተዋል። አዲሱ አልበም ተጀምሯል፤ የሚያውቀው ግን ከበሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሐሳቡ አመጣጥ ትንሽ ልበል፤ መነሻው ወደ እኛ ቀረብ ያለ ነውና። በዚያው በኖቬምበር ወር ማካርትኒ ኬንያ ደርሶ ወደ ለንደን ሲመለስ፣ አውሮፕላኑ ላይ ሳለ አንድ ነገር ታሰበው። «ቢትልስ የሚባለውን ስም ለጊዜው ትተን ሌላ ባንድ የሆንን መስለን ብንቀርብስ?» የሚል ነው። የዚያ የምናብ ባንድ ስም ሳርጀንት ፔፐር የሚባል ሃምሳ አለቃ የሚመራው ሆነ። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ምሥጢሩ ግን ትልቅ ነው። ወዳጆቻቸው ከቢትልስ የሚጠብቁት የታወቀ ድምፅ አለ፤ ከሃምሳ አለቃ ፔፐር ባንድ ግን ማንም የሚጠብቀው ነገር የለም። ስማቸውን የሸሹት የአድማጩን ግምት ለመሸሽ ነበር።

አሁን ወደ ቅምሻው ልምጣ። የሸክላ ኩባንያው «ሕዝቡ ሳይረሳችሁ አንድ ነገር እናውጣ» ብሎ ቢወተውት፣ ከተሠሩት ውስጥ ሁለት ዘፈኖች ተመርጠው በፌብሩዋሪ 1967 በአንዲት ትንሽ ሸክላ ወጡ። አንደኛው «ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎሬቨር» ሲሆን ሁለተኛው «ፔኒ ሌን» ነው። የፊተኛው አሠራር ለብቻው ወግ ይወጣዋል። ሌነን ዘፈኑን በሁለት መልክ አስቀርጾት ነበር፤ አንዱ ዝግ ያለ፣ ሁለተኛው በመለከትና በቼሎ የታጀበ ፈጣን። የአንዱን መጀመሪያ፣ የሌላውን መጨረሻ ወደደና «አጋጥሙልኝ» አለ። ሁለቱ በፍጥነትም በቅኝትም አይገናኙም። አዘጋጃቸው ጆርጅ ማርቲንና የድምፅ ባለሙያው ጄፍ ኤመሪክ ግን የአንደኛውን ቴፕ አፍጥነው፣ የሁለተኛውን አዝግመው፣ ቅኝቱ ሲገጥምላቸው ቴፑን በመቀስ ቆርጠው ቀጠሉት። ዛሬም ዘፈኑ ከጀመረ አንድ ደቂቃ ያህል ሲሆነው ጆሮውን ያቀና ሰው ስፌቱን ሊያገኘው ይችላል።

ሕዝቡ እንዴት ተቀበለው? በአሜሪካ ወጣቶች የሚጨፍሩበት አንድ የታወቀ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነበረ። የዘፈኖቹ ፊልም በዚያ ከታየ በኋላ ወጣቶቹ አስተያየታቸውን ቢጠየቁ፣ ብዙዎቹ ያወሩት ስለ ዜማው ሳይሆን አራቱ ስላበቀሉት ሪዝ ሆነ! በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሸክላው በዋናው የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ሁለተኛ ሆኖ ቀረ፤ አንደኛነቱን ኤንገልበርት ሃምፐርዲንክ የተባለ የፍቅር ዘፋኝ ያዘው። ለአራት ዓመት ያህል በተከታታይ አንደኛ ሲወጡ ለኖሩት ለቢትልስ ይህ እንግዳ ነገር ነበረ። «አለቀላቸው» የሚለው ወሬ አሁን ቁጥር ተጨመረለት።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ነው። እነዚያ ሁለት ዘፈኖች አልበሙ ላይ የሉም! በዚያን ጊዜ በትንሹ ሸክላ የተሸጠውን ዘፈን በትልቁ ደግሞ መሸጥ ገዢውን ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው የሚል ልማድ ነበራቸው፤ ስለዚህ ሁለቱን ከትልቁ ሸክላ አወጧቸው። ማርቲን ይህን ውሳኔ ኋላ በሕይወቱ ከሠራቸው ስሕተቶች ዋነኛው አድርጎ ቈጥሮታል። በቅምሻው ተመርኩዞ ስለ ወጡ ሲሟገት የከረመው ሕዝብ ሁሉ የቀመሰው ከድስቱ ውስጥ የሌለውን ነበር ማለት ነው። መዝገብ ቤቱ ወዳጄ ይህን ልብ ይበልልኝ።

በ1967 በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ «ሳርጀንት ፔፐርስ ሎንሊ ኸርትስ ክለብ ባንድ» የሚለው አልበም ወጣ። በ1963 ለመጀመሪያ አልበማቸው ዐሥር ዘፈኖችን በአንዲት ቀን የቀረጹ ልጆች ለዚህኛው 700 ሰዓት ያህል እንደ ፈጀባቸው ይነገራል። የነበራቸው መሣሪያ ዛሬ በእጃችን ከያዝነው ስልክ ጋራ ሲነጻጸር ድኻ ነው። ቴፑ አራት መሥመር ብቻ ነው ያለው፤ አራቱ ሲሞሉ ሌላ ቴፕ ላይ በአንድ መሥመር አጠቃልለው ይገለብጡና ለአዲስ ድምፅ ቦታ ያገኛሉ። ለመጨረሻው ዘፈን ፌብሩዋሪ 10 ቀን 40 የኦርኬስትራ ሰዎች ጠሩ። ትእዛዙ እንዲህ ነበረ፤ እያንዳንዱ በመሣሪያው ከሚገኘው ዝቅተኛ ድምፅ ተነሥቶ እስከ ከፍተኛው ድረስ በራሱ ፍጥነት ይውጣ፤ ጎረቤቱን አይከተል። ዕድሜ ልካቸውን እኩል ለመጫወት የሠለጠኑ ሰዎች በዚያች ሌሊት እኩል እንዳይጫወቱ ተጠየቁ። በመጨረሻም በብዙ ፒያኖዎች ላይ በአንድ ጊዜ የተመታችው ድምፅ ከ40 ሴኮንድ በላይ እያስተጋባች ትጠፋለች።

ይህን ማን ገምቶ ነበር? የሪዙ ተመልካች አልገመተም፤ የበሩ ጋዜጠኛ አልገመተም፤ የሽያጭ ሰንጠረዥ ቈጣሪውም አልገመተም። አልበሙ በእንግሊዝ 27 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ዋለ፤ በ1968 ደግሞ ከሮክ አልበሞች የመጀመሪያው ሆኖ የዓመቱ ምርጥ አልበም የሚባለውን የግራሚ ሽልማት አገኘ። እርግጥ ሁሉም አልወደደውም፤ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ሪቻርድ ጎልድስቲን የተባለ ሐያሲ በብርቱ ነቅፎታል። እሱ ግን የነቀፈው ሰምቶ ነው፤ ሰምቶ የነቀፈውን ሰው አክብሮ መስማት ይገባል። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለኝ ግን የጂሚ ሄንድሪክስ ነገር ነው። አልበሙ በወጣ በሦስተኛው ቀን ይህ ጊታር መቺ በለንደን ሳቪል ቲያትር መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ማካርትኒ በተመልካችነት ተቀምጦ እያየው፣ የአልበሙን የመክፈቻ ዘፈን በራሱ አጨዋወት ተጫወተው። ሌላው ሲገምት ከርሟል፤ እሱ ሰማና ሠራ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ «ታገሡ፣ ሁሉ ይሰምራል» ብዬ ልሸኛችሁ እችል ነበር። ነገር ግን በዚያው ክረምት ሌላ አልበም ይጠበቅ ነበረና እሱን ሳላነሣ ባልፍ ፍርዴ ጎደሎ ይሆናል።

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ቢች ቦይስ የሚባሉ ወንድማማቾች፣ የአጎት ልጅና ጓደኛ ያሉበት ባንድ ነበረ። የዜማው ራስ ብራያን ዊልሰን ይባላል። ይህ ሰው በ1965 መጨረሻ ቢትልስ ያወጡትን አልበም ሰምቶ ከዚያ የሚበልጥ ልሥራ ብሎ በሜይ 1966 «ፔት ሳውንድስ» የተባለውን አወጣ። ማካርትኒ ደግሞ እሱን ሰምቶ ተደንቆ «ሳርጀንት ፔፐር»ን ለመሥራት ተነሣሣ። እንግዲህ በውቅያኖስ ማዶና ማዶ ሁለት ባላንጣዎች በዜማ ይጻጻፉ ነበር ማለት ነው። በ1966 መጨረሻ የአንድ የእንግሊዝ ሙዚቃ ጋዜጣ አንባቢዎች በሰጡት ድምፅ ቢች ቦይስ ቢትልስን አስከትለው አንደኛ የዓለም ድምፃውያን ተባሉ። የሚቀጥለው አልበማቸው «ስማይል» ይባላል ተብሎ ተነገረ፤ ወሬው ከፍ ከፍ አለ። ኩባንያው ከ400 ሺህ በላይ ሽፋን አሳትሞ ጠበቀ።

ሽፋኑ ተዘጋጀ፤ ሸክላው ግን አልመጣም። ብራያን ዘፈኖቹን በቁርጥራጭ እየቀረጸ፣ እየቀጠለ፣ እየፈታ ወራት ፈጀ። የአጎቱ ልጅ ግጥሞቹ አልገባኝም አለ። ከኩባንያው ጋራ በገንዘብ ተካሰሱ። እሱም የአእምሮ ጤንነቱ እየታወከ፣ አደንዛዥ ዕፅም እየጎዳው ሄደ። ስለ እሳት የሚናገር ሙዚቃ ለመቅረጽ ሙዚቀኞቹን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቆብ አስደፍቶ ካስጫወታቸው በኋላ በአቅራቢያው ቤት መቃጠሉን ሲሰማ፣ ሙዚቃው ያመጣው መስሎት ደንግጦ ተወው። በሜይ 1967 የ«ስማይል» ነገር እንደ ቀረ ተነገረ። ልብ በሉ፤ «ሳርጀንት ፔፐር» በወጣበት ወር ነው! የወዳጆቹ ነገር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ» ሆነ።

ብራያንን የጣለው የአድማጭ ጉጉት ብቻ ነው አልልም፤ ምክንያቶቹን ቈጥሬላችኋለሁ። ነገር ግን ገና ያልተሠራውን ሥራ ሕዝቡ ከወዲሁ ታላቅ ብሎ ሲሰይመው፣ ያ ስም በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ሌላ ሸክም ይሆንበታል። ማካርትኒ ሸክሙን የሃምሳ አለቃ ፔፐርን ልብስ ለብሶ አመለጠው፤ ብራያን ግን በገዛ ስሙ ተሸከመው። በፌብሩዋሪ 2004 ጸጉሩ ሸብቶ፣ በለንደን ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ «ስማይል»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አቀረበው። 37 ዓመት ማለት ነው። በ2011 የጥንቱ ቅጂዎችም ታትመው ወጡ። እሱ ራሱ በጁን 2025 ዐረፈ፤ ሥራውን ግን ሳይጨርስ አልሞተም።

አሁን ያን ዕለት ለምን እንዳልሳቅሁ ልንገራችሁ።

በእኛ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. እኔም የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የምወደው ዘፋኝ ሁለት ዓመት ያህል ጠፍቶ አዲስ ካሴት ሊያወጣ ነው ተባለ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አልነበረምና። እኔና አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ሌሊቱን በግምት እናነጋው ነበር። ሳክስፎኑ ይመለሳል፤ የድሮዎቹ ልጆች ያጅቡታል፤ እንዲህ ያለ ዘፈን ይኖራል እያልን ካሴቱን በሐሳባችን ሠርተን ጨረስነው። በወጣ ዕለት ፒያሳ ካለው ሙዚቃ ቤት ተሰልፌ ከደመወዜ ከፍዬ ገዛሁ። ቤት ገብተን ቴፑ ውስጥ ብናስገባው ሳክስፎን የለ፣ የድሮዎቹ ልጆች የሉ፤ አንድ ኪቦርድ ብቻ ያዜማል። የመጀመሪያው ገጽ እንኳ ሳያልቅ ዘጋሁትና፣ «ይኼ ሰውዬ አልቆለታል» ብዬ ፈረድኩ። ሰኞ ዕለት ለሥራ ባልደረባዬ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። ለሚጠይቀኝም ሁሉ «አትግዙ» እያልኩ ሰበክሁ።

ሦስት ዓመት አለፈ። እናቴን ቀብሬ ከደሴ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ጣርማ በርን ሲወጣ ሾፌሩ ካሴት ከፈተ። አገሩን ጥሎ ስለ ሄደ ልጅና በር በሩን ስለምታይ እናት የሚናገር ዘፈን መጣ። ኪቦርዱ ብቻውን ነው የሚያጅበው፤ ሌላ መሣሪያ ቢጨመርበት ይበላሽ ነበር። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ረዳቱን፣ «ይህ የማን ነው?» ብለው፣ «ወንድሜ፣ ከየት አገር መጣህ?» ብሎ የዘፋኙን ስም ነገረኝ። ያ የሸጥኩት ካሴት ነበር። ዘፈኑም ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ እኔ ያልገለበጥኩት ገጽ።

እናቴ በሕይወት ሳለች ያን ገጽ ገልብጬው ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት አንድ ጊዜ ቀደም ብዬ ደሴ እሄድ ነበር። ምናልባት ነው። ነገር ግን ይህቺ «ምናልባት» እስከ ዛሬ ትከተለኛለች።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ልጆቼ፣ መገመታችሁን አልነቅፍም። ሰው የማይወደውን ነገር አይገምትም፤ ግምት የፍቅር ወግ ነው፤ ሻይም ያጣፍጣል። ነገር ግን ግምት ፍርድ ሲሆን ይበላሻል። የገመታችሁትን ካልሰማችሁ «አልቆለታል» አትበሉ፤ ምናልባት ያለቀው የእናንተ ግምት ይሆናል። የወደዳችሁትን ሰው የዱሮውን ብቻ ድገምልን አትበሉት፤ የዱሮው ሸክላ እቤታችሁ አለ፤ ማን ነጠቃችሁ? የሰማችሁትም ቅምሻ ከሆነ ቅምሻ መሆኑን አትርሱ።

ይህ ለዘፈን ብቻ የሚሆን ምክር አይደለም። በየመሥሪያ ቤታችን አዲስ አለቃ ሊመጣ ነው ሲባል፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ጠባዩ በየኮሪደሩ ተጽፎ ያልቃል። ፋይሉን ሳይከፍቱ ከላዩ አስተያየት የሚጽፉ ሰዎችም አውቃለሁ። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የተባለው ለእኛ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሁለቱን ወጣቶች ድጋሚ አግኝቼ አንድ ነገር ተስማማን። እያንዳንዳቸው ግምታቸውን በወረቀት ጽፈው በፖስታ አሽገው ሰጡኝ፤ ከመሳቢያዬ ውስጥ ቈልፌበታለሁ። አልበሙ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሰሙ አይከፈትም። የተሳሳተው ማኪያቶ ይከፍላል። ሁለቱም ከተሳሳቱ ግን ከፋዩ እኔ ነኝ፤ ቢትልስን አስታውሼ እፈራለሁና ሳንቲሜን ከወዲሁ አዘጋጅቻለሁ።

የሳምንት ሰው ይበለን።